ራሴ የሰፋሁትን የታችና የላይ ኮምፈርት ሀሞክ ላይ እንዴት ልሰረው?

የፋሲል_ጎረቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሁለት ኮምፈርት ፈትቼ ለሀሞክ (ከሁለት ዛፍ መካከል ለሚሰቀል የጨርቅ መኝታ) የሚሆን አንድ የታች አንድ የላይ ሰፍቻለሁ፤ የታችኛው ከሀሞኩ ስር በውጭ በኩል የሚንጠለጠል፣ የላይኛው የምለብሰው ነው። የታችኛው 2 ሜትር በ1.30፣ የላይኛው 2.10 በ1.40 ነው። የውጩ የጃንጥላ ጨርቅ፣ የውስጡ ቀጭን የጃኬት ገበር። ሀሞኩ የፓራሹት ናይለን ነው፤ ርዝመቱ 3.30፣ ስፋቱ 1.50። ኅዳር ላይ የሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ፣ ሳንቃበር ላድርበት ስለሆነ እዚሁ ጎንደር ግቢ ውስጥ እየሞከርኩት ነው።

የታችኛውን በአራቱም ማዕዘን በሲባጎ አስሬ የሀሞኩ ሁለት ጫፎች ላይ ቋጠርኩት። ስተኛበት ወገቤ ስር ይጨፈለቃል፣ ትከሻዬ ጋ ደግሞ ይረግብና ንፋስ ይገባል። ሌሊት ወደ ራስጌ ይንሸራተትና እግሬን ባዶ ይተወዋል። ከሀሞኩ ጋር አብሬ ልስፋው? ወይስ ሌላ አስተሳሰር አለ? ላስቲክ ከሆነስ ምን ዓይነት፣ ስንት ሜትር? የላይኛውስ መታሰር አለበት? እጄ ላይ ያለው ሲባጎ፣ መርፌና የሰፈር ልብስ ሰፊ ነው።

ዳገት_ወጪ፦
ወንድሜ፣ አብረህ አትስፋው። ሀሞኩ ስትተኛበት ይለጠጣል፣ ኮምፈርቱ ግን አይለጠጥም፤ ስለዚህ ተወጥሮ ጀርባህ ላይ ይለጠፍና ሙሌቱ ይጨፈለቃል። የሚያሞቅህ ሙሌቱ ራሱ ሳይሆን በውስጡ ተይዞ የቆመው አየር ነው። ሙሌቱ ሲጨፈለቅ አየሩ ይወጣል፤ የቱንም ያህል ውፍረት ያለው ነገር ብትሰፋ ዋጋ የለውም። በዚያ ላይ ክብደትህን በሚሸከም ጨርቅ ላይ የመርፌ ቀዳዳ መደርደር መቀደጃ መስመር ማበጀት ነው።

ሲባጎም ያው ችግር አለበት። ሀሞኩ ባዶ ሲሆንና ሰው ሲተኛበት ቅርጹ አንድ አይደለም። ባዶውን ልክ አድርገህ ብታስረው ስትገባ ይጨፍልቀዋል፤ ገብተህ ልክ ብታደርገው ስትገላበጥ ይረግባል። ስለዚህ ማሰሪያው አብሮ የሚሳብ መሆን አለበት።

እንዲህ አድርገው። በአራቱም ማዕዘን ከጠንካራ ጥብጣብ ትናንሽ ቀለበት አሰፋ፤ ጥብጣቡ ከጨርቁ ጠርዝ ወደ ውስጥ 4 ሴንቲ ሜትር ገብቶ በመስቀል ስፌት ይያዝ። ከዚያ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ድቡልቡል ላስቲክ፣ የጃኬት ወገብ ውስጥ የሚገባው ዓይነት፣ ለራስጌ አንድ 1.20 ሜትር፣ ለግርጌ አንድ 1.20 ሜትር ቁረጥ። አንዱ ላስቲክ ከግራው ቀለበት ተነስቶ ሀሞኩ በሚጠበብበት ጫፍ ላይ ባለ ትንሽ መንጠቆ ያልፍና ወደ ቀኙ ቀለበት ይመለሳል። ቋጠሮ ከበላው በኋላ 1 ሜትር አካባቢ ይቀራል፤ ስትሰቅለው ሲሶ ያህል ከተለጠጠ ልክ ነው። መንጠቆው የሚሸከመው የኮምፈርቱን ክብደት ብቻ ስለሆነ የቁልፍ መያዣ ካራቢነር ይበቃል። ሀሞኩን ራሱን ግን በእሱ እንዳትሰቅል!

ላስቲኩ በመንጠቆው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እንዲሄድ ነፃ ተወው። ሀሞክ ላይ ሰያፍ ስትተኛ ኮምፈርቱም ተከትሎህ ይዞራል።

የሞተር ዕቃ ማሰሪያውን ወፍራም ላስቲክ አትጠቀም፤ ስለሚጠነክር መልሶ ይጨፈልቀዋል። የቀሚስ ጠፍጣፋ ላስቲክም ክብደት ይዞ ሲያድር ይረግባል። ሌላ ከጠፋ ከብስክሌት ካላማዳሪያ 1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክር ቆርጦ መጠቀም ይቻላል፤ ፀሐይ ስለሚሰነጣጥቀው ግን መለወጫ ይዘህ ሂድ።

መርፌና_ክር፦
ከላይ የተባለው ላስቲክ ትክክል ነው፤ ግን ትከሻ ጋ የሚገባውን ንፋስ ላስቲኩ ብቻ አይዘጋውም። ጥፋቱ አሰፋፉ ላይ ነው። የሰፋኸው ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን ነው፤ የተኛ ሰው ጀርባ ግን እንደ ጀልባ ሆድ ይጎብጣል። ጠፍጣፋ ጨርቅ ያንን ቅርጽ ሲከተል ጠርዙ ይተርፍና ያፏጫል።

ሳትፈታው ማስተካከል ትችላለህ። በሁለቱም ረጅም ጠርዞች ላይ፣ ከራስጌ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ፣ ከግርጌ 60 ላይ አንድ ሽብሽቦ አስይዝ፤ እያንዳንዱ 5 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ ይብላ፣ ወደ መሃል እየጠበበ 15 ሴንቲ ሜትር ገብቶ ያልቃል። ጠርዙ 10 ሴንቲ ሜትር ያጥርና መሃሉ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይወርዳል። አጫጭሮቹን ሁለት ጠርዞች ደግሞ 2.5 ሴንቲ ሜትር አጥፈህ ቀምቅምና ቱቦ አድርጋቸው፤ በየቱቦው 1.50 ሜትር ላስቲክ አሳልፈህ ጫፉ ላይ የጃኬት ገመድ ማጥበቂያ አድርግበት። ይህ አፉን እንደ ከረጢት ይሰበስባል። አፉ ካልተዘጋ ንፋሱ በግርጌ ገብቶ በራስጌ ይወጣል፤ ሙቀቱንም ጠርጎ ይሄዳል። ግን እስከ መጨረሻው አትሳበው፤ አንድ እጅ ተደፍቶ እስኪገባ ድረስ ብቻ።

ላስቲኩን እንቁጠረው፦ ሁለት ማሰሪያ 2.40፣ ሁለት ቱቦ 3 ሜትር፣ ድምሩ 5.40። 6 ሜትር ግዛ። ቅዳሜ ገበያ የልብስ ስፌት ዕቃ ከሚሸጡት ጠይቅ፤ ከመክፈልህ በፊት ግን አንድ ክንድ ያህሉን ሁለት እጥፍ ሳበውና ልቀቀው። ወደ ልኩ ካልተመለሰ አሮጌ ነው፤ ተወው።

አሁን ደግሞ ያልጠየቅከው ነገር። ሙሌቱን እንዴት ያዝከው? ከላይ እስከ ታች በመኪና በመስመር ከሰፋኸው በየመስመሩ ሙሌቱ ዜሮ ይሆናል፤ ብርዱ በዚያ ይገባል። መስመሩን ፍታና በየ30 ሴንቲ ሜትሩ በእጅ መርፌ ላላ ያለ ነጠላ ቋጠሮ አድርግበት፤ ክሩ ሙሌቱን ከመሄድ ብቻ ያግደው እንጂ አያንቀው። ኮምፈርቱን ስትዘረጋው ውፍረቱ 5 ሴንቲ ሜትር ካልደረሰ ለሳንቃበር ሌሊት ያንሳል፤ አንድ ንጣፍ ጨምርበት። ስትጨምር የውጩ ጨርቅ ከውስጡ በ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሰፋ ማለት አለበት፤ እኩል ከሆኑ ሲጎብጥ የውጩ ሙሌቱን ይጨፈልቀዋል።

የጃንጥላውን ጨርቅ አፍህ ላይ አድርገህ እፍ በልበት። ትንሽም ትንፋሽ ካላሳለፈ ላብህ ውስጡ ውሃ ይሆናል፤ ጠዋት ገልብጠህ ማድረቅ ግዴታ ነው። ፕላስቲክ ሸራ ደርቤ ላጠናክረው እንዳትል!

የሊማሊሞ_መንገደኛ፦
አሰቃቀልህ ካልተስተካከለ ከላይ የተባለው ሁሉ ልኩ ይሳሳታል። ሀሞኩ ከዛፍ ዛፍ የተወጠረ ከሆነ ጎኖቹ ይጠብቁና ትከሻህን ያጥፉታል፤ ኮምፈርቱም ከጀርባህ ይርቃል። ገመዱ ከአግድም 30 ዲግሪ ያህል ይውረድ። በ30 ዲግሪ እያንዳንዱ ገመድ የሚሸከመው ክብደትህን ያህል ነው፤ በ10 ዲግሪ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። 70 ኪሎ ሰው በየዛፉ 200 ኪሎ ይስባል ማለት ነው።

ቅርጹ በየሄድክበት አንድ ዓይነት እንዲሆን ከሀሞኩ ጫፍ እስከ ጫፍ ከላይ የማይለጠጥ ቀጭን ገመድ እሰርበት። ልኩ የሀሞኩ ርዝመት 83 በመቶ ነው፤ ለአንተ 2.74 ሜትር ገደማ። ይህ ገመድ ከሌለ ላስቲኩን በየዛፉ እንደ አዲስ ስታስተካክል ታድራለህ።

ወደ ራስጌ የሚንሸራተትበት ምክንያት ግርጌህን ከፍ አድርገህ ስለሰቀልክ ይመስለኛል። ከፍ ማድረጉ ልክ ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ካላለ ሰውየው ራሱ ወደ ግርጌ ይወርዳል። ግን ሁለቱም ማሰሪያ እኩል ሲሆን ኮምፈርቱ ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል። የግርጌውን ላስቲክ ከራስጌው በ10 ሴንቲ ሜትር አሳጥረው። እዚህ ላይ ከዳገት_ወጪ እለያለሁ፤ የራስጌው በመንጠቆው ውስጥ ነፃ ይሂድ፣ የግርጌውን ግን መንጠቆው ላይ አንድ ዙር ቋጥረህ አቁመው። ሁለቱም ነፃ ከሆኑ በተገላበጥክ ቁጥር ኮምፈርቱ አንድ ጎን ላይ ይቀራል።

ሳንቃበር 3,250 ሜትር ላይ ስለሆነ ለመስቀያ የውጨና ዛፍ (አስታም ይሉታል) ታገኛለህ። ከዚያ ወደ ግጭ፣ ወደ 3,600 ሜትር ስትወጣ ሜዳው የጅባራ ነው። ጅባራ ረጅምና ቀጥ ያለ ስለሆነ ያታልላል፤ ግንዱ ሰው አይሸከምም፣ ተክሉም አንዴ አብቦ የሚሞት ነው፤ አትንካው። ውጨናውም ላይ ቢሆን ቀጭን ገመድ ልጡን ይቆርጠዋል፤ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቀበቶ ተጠቀም። ዛፍ ላይ መስቀል ይፈቀድ እንደሆነ ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት መግቢያ ስትከፍል ጠይቅ፤ አብሮህ የሚሄደው ስካውትም (የፓርኩ ጠባቂ) ይምራህ። ካልተፈቀደ ድንኳን ውስጥ ሁለቱንም መሬት ላይ ትጠቀምባቸዋለህ፤ ከታችኛው ስር ግን ስፖንጅ ያስፈልጋል።

የፋሲል_ጎረቤት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ አዎ፣ በመስመር ነበር የሰፋሁት፣ ዛሬውኑ እፈታዋለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። ማጥበቂያውን በምን አውቃለሁ ልክ መሆኑን? የላይኛውስ? ጋቢ ከታች ባነጥፍስ?

ዳገት_ወጪ፦
ልኩን የሚነግርህ እጅ ነው። ሌላ ሰው ይተኛበት፤ አንተ መዳፍህን በሀሞኩና በኮምፈርቱ መካከል ከጎን አስገባ። መጀመሪያ ወገብ ስር፣ ቀጥሎ ትከሻ ስር፣ ከዚያ ጉልበት ስር። መዳፍህ ሁለቱንም ሳይገፋ ሊነካ ይገባል። ባዶ ቦታ ካገኘህ በዚያ በኩል ያለውን ላስቲክ 3 ሴንቲ ሜትር አሳጥር፤ እጅህ በግድ ከገባ 3 ሴንቲ ሜትር ልቀቅ። በአንዴ 10 አትሳብ፤ አንዱ ጫፍ ሲጠብቅ ሌላው ይለወጣል። ሲስማማ የላስቲኩን ቋጠሮ ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርግበት።

መርፌና_ክር፦
የላይኛው አይታሰርም። ከግርጌ 60 ሴንቲ ሜትሩን አጥፈህ ጎኑን ስፋው፣ ታቹን በገመድ ሰብስበህ ዝጋው፤ እግር የሚገባበት ኪስ ይሆናል። ከዚያ በላይ ክፍት ይሁን፤ ጎኑን ከአካልህ ስር አስገብተህ ትተኛለህ። አንገት ጋ አንድ ቁልፍና ጥብጣብ ይበቃዋል። ከስርህ የሚገባው ስለሚጨፈለቅ ሰፋ አድርጎ መሥራት ጥቅም የለውም፤ 1.40 ይበቃሃል።

ጋቢ ከጀርባህ ስር አታንጥፍ። ጥጥ ይጨፈለቃል፣ ላብም ይዞ ያድራል። ከላይኛው ኮምፈርት ላይም አትደርበው፤ ክብደቱ ሙሌቱን ይጫነዋል። ኮምፈርቱ ውስጥ ገብተህ ትከሻህና አንገትህ ላይ ተከናነበው፤ እዚያ ግን ከምንም በላይ ይረዳል። እና ጠዋት ስታነሳ የታችኛውን ጠቅጥቀህ ሻንጣ ውስጥ አታክርመው፤ ፋይበር ተጠቅጥቆ ከከረመ ተመልሶ አይነሳም። በሰፊ ማዳበሪያ ከረጢት ላላ አድርገህ አስቀምጠው።