«እንኳን ደህና መጡ» የሚለው ገጽ አንድሮይድ ላይ አልወጣም አለኝ

የሀዋሳዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ሀዋሳ ትንሽ ካፌ አላት፤ ለደንበኞቿ ነፃ ዋይፋይ አስገብቼላታለሁ። ራውተሩ ማይክሮቲክ ነው። የፈለግኩት ሰው ገና ሲገናኝ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ገጽ ወጥቶለት የዕለቱን ምግብ አይቶ፣ «ቀጥል» ሲል ኢንተርኔት እንዲያገኝ ነው። ፓስወርድ የለም፣ ክፍያም የለም።

አይፎን ላይ ወዲያው ይወጣል። ሳምሰንግና ቴክኖ ላይ ግን ምንም! ዋይፋዩ ተገናኝቷል ይላል፤ ሰውዬው ቴሌግራም ሲከፍት ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ከዚያ እናቴን ይጠሯታል፣ እሷ ደግሞ ማኪያቶ እየሠራች ነው። አንድ ሰው ኤስኤስኤል ሰርተፊኬት (ድረ ገጽ ግንኙነቱን ለመመስጠር የሚጠቀምበትን) ግዢ ብሎኛል። ልግዛ?

ኬብል ዘርጊው፦
እህቴ፣ ብርሽን ያዢ፤ ሰርተፊኬት ይሄን አይፈታም። ስልክ ዋይፋይ እንደያዘ ለባለቤቱ ሳይነግር አንድ አድራሻ ይሞክራል። አይፎን ከአፕል «ሰክሰስ» የሚል አጭር ገጽ ይጠብቃል። አንድሮይድ ደግሞ ጂስታቲክ (gstatic.com) ስር ካለ የጉግል አድራሻ 204 የሚባለውን ባዶ መልስ ይጠብቃል። የመግቢያ ገጹ ብቅ የሚለው የጠበቁት መልስ ሲቀር ነው። ያንቺዎቹ አንድሮይዶች መልሱን እያገኙ ይመስለኛል። ዎልድ ጋርደኑ ላይ፣ ማለትም ሰው «ቀጥል» ከማለቱ በፊት በሚከፈቱት አድራሻዎች ዝርዝር ላይ፣ ምን ፈቅደሻል?

የሀዋሳዋ፦
ጂስታቲክን፣ በስሩ ያለው ሁሉ እንዲከፈት ከፊቱ ኮከብ (*) አድርጌ። ገጹ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ፎንትን ከጉግል ስለሚጠራ።

ኬብል ዘርጊው፦
በቃ እሱ ነው! የፎንቱ ፋይልም የስልኩ መሞከሪያም ጂስታቲክ ስር ናቸው፤ ኮከቡ ሁለቱንም ከፈተ። ስልኩ «ኢንተርኔት አለ» ብሎ ያምንና ገጹን አያወጣም። ያንን የጂስታቲክ መስመር ከዝርዝሩ አጥፊው። ፎንቱንም ተይው፣ የዛሬ ስልኮች የግዕዝ ፊደል አብሯቸው ነው የሚመጣው። ገጹ ላይ የጽሑፉ ኮድ ዩቲኤፍ 8 (UTF-8) መሆኑን ብቻ ግለጪ፣ አለዚያ ፊደሉ ይዘበራረቃል። የምግቦቹን ፎቶ አሳንሰሽ እዛው ራውተሩ ላይ፣ ሆትስፖት ፎልደር ውስጥ ጫኚ። ደንበኛው «ቀጥል» እስኪል ከውጭ የሚጠራ ምንም ነገር አይኑር።

አንድ ነገር ልጨምር። የምታስገቢያቸው በትራያል (ራውተሩ ያለ ፓስወርድ ለተወሰነ ጊዜ በሚያስገባበት መንገድ) ከሆነ፣ ጊዜው ካልቀየርሽው 30 ደቂቃ ነው፤ ካለቀ በኋላ እስከ 1 ቀን ድረስ መልሶ አያስገባም። ሰው ምሳውን ሳይጨርስ እንዳይቋረጥበት ጊዜውን አርዝሚው።

የፔንሲዮኗ፦
እኛ ጋ የሚያስቸግረው ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያዞረው አፕ) ነው። ሁሌ አብርቶ የሚይዝ ሰው ገጹ ላይወጣለት ይችላል፤ አጥፍቶ እንደገና ይገናኝ። የራውተሩን አድራሻም በወረቀት ጽፈሽ ጠረጴዛው ላይ ለጥፊ፣ ብሮውዘር ላይ ሲጽፉት ገጹ ይመጣል። እባክሽ ስልክ ቁጥር አትጠይቂያቸው። ሻይ ሊጠጣ የገባ ሰው ቁጥሩን የሚሰጥበት ምክንያት የለም።

የሀዋሳዋ፦
መስመሩን አጠፋሁት፣ ቴክኖውም ሳምሰንጉም ላይ ወጣ! ትራያሉን 3 ሰዓት አድርጌዋለሁ። ስልክ ቁጥር አልጠይቅም። ኑሩልኝ።