ክርክር፦ ለመንግሥት ትምህርት ቤት ወላጅ ማዋጣት አለበት?

አወያይ፦ በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» የተባለው አገር አቀፍ ንቅናቄ ከተጀመረ ወዲህ በየአካባቢው ለትምህርት ቤት ገንዘብ ይሰበሰባል። ወላጅ፣ ነጋዴ፣ ውጭ ያለ ወገን፣ ሁሉም ያዋጣል። በእኛም ሰፈር ኮሚቴ ሊቋቋም ነው። ገሚሱ «የልጆቻችን ትምህርት ቤት ነው፣ እንሥራው» ይላል። ገሚሱ «ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው» ይላል። የምታምኑበትን በግልጽ ተናገሩ።

የሦስት ልጆች እናት፦ መስጠት አልጠላም። የሚያንገበግበኝ አጠያየቁ ነው። አምና ልጄን ላስመዘግብ ስሄድ «መዋጮ ካልከፈልሽ አንመዘግብም» ተባልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ሌላ ጊዜ ነይ» አሉኝ። እኔስ እንደምንም ከፈልኩ። ጎረቤቴ ግን የቀን ሠራተኛ ናት። ብሩን እስክታገኝ ልጇ ቤት ዋለ። ይሄ መዋጮ ነው ወይስ ክፍያ?

የሕግ ባለሙያ፦ እህቴ፣ ክፍያ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 4 መንግሥት ለትምህርትና ለጤና በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ግዴታ ጥሎበታል። እኛ ባዋጣን ቁጥር ይህን ግዴታ የሚጠይቅ ሰው ይጠፋል። ወረዳውም «ኅብረተሰቡ ይሸፍነዋል» ብሎ በጀት ይቀንሳል። መጀመሪያ የበጀት ጥያቄ ይቅደም።

የገጠር መምህር፦ ጋሼ፣ አንቀጽ 90ንም ያንብቡልን። «የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን» ይላል። ወረዳ የሚደርሰው በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይሄዳል። ለጥገና የሚተርፈው ትንሽ ነው። ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ድጎማ፣ ስኩል ግራንቱም ቢሆን ጠመኔና ደብተር ገዝቶ ያልቃል። እኔ የማስተምረው ዳስ ውስጥ ነው። ዝናብ ሲመጣ ትምህርት ይቆማል። ልጆቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው ላይ ይጽፋሉ። የበጀት ጥያቄው መልስ እስኪያገኝ እነዚህ ልጆች ስምንተኛ ክፍል ይደርሳሉ። እኛ ጋ ወላጁ ድንጋይና አሸዋ አቅርቦ፣ በጉልበቱ ሠርቶ ሁለት ክፍል ቆሟል። ጥሩ አደረገ እላለሁ።

ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ፦ እኛም የአንድ ከተማ ልጆች ተሰባስበን ለተማርንበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት አሠርተን ነበር። ተመርቋል፣ ሪባን ተቆርጧል። ከዚያ በኋላ መጽሐፍ የሚያበድር ሰው አልተመደበም፣ በሩ ተቆልፎ ከረመ። አሁን ገንዘብ ከመላካችን በፊት «ሠራተኛውን ማን ይቀጥራል? መብራቱን ማን ይከፍላል?» ብለን በጽሑፍ እንጠይቃለን። መስጠት ግን አላቆምንም። የጉራጌ ልጆች በንጉሡ ዘመን ተደራጅተው፣ ገንዘብ አዋጥተው ለአገራቸው መንገድ አስወጥተዋል። መንግሥት እስኪደርስላቸው ቢጠብቁ ኖሮ ስንት ዓመት ይፈጅ ነበር?

ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ፦ እነሱ ወደው ነው ያዋጡት። ከእኔ ደመወዝ ግን ሳልጠየቅ ይቆረጣል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ደግሞ ሕንፃ ብቻ ልጅ አያሳልፍም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። ደህና ሕንፃ ያላቸው ትምህርት ቤቶች ልጆችም ወድቀዋል። ገንዘቡ ለመጽሐፍ፣ ለላቦራቶሪና ለማጠናከሪያ ትምህርት ይሁን።

ጡረተኛ ርእሰ መምህር፦ ልጆቼ፣ ስለ ገንዘብ ብዙ ተባለ። ስለ መሬቱ ግን ማንም አላነሳም። ብዙ ትምህርት ቤት ሰፊ ግቢ አለው፣ ካርታ ግን የለውም። አጥር የለውም። ዛሬ አንዱ በዳር በኩል ያርሳል። ነገ ሌላው የራሱን አጥር ወደ ግቢው ገፋ ያደርጋል። ከተማ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ለሌላ አገልግሎት ይፈለጋል። ወላጆች ተሰብስበው ሲጮኹ ቦታው አልቋል። እኔ በሥራ ላይ እያለሁ ባሕር ዛፍ አስተክለን ነበር። ሣሩንም በጨረታ እንሸጥ ነበር። በዚያ የውስጥ ገቢ ወንበር አሠርተናል፣ የሴቶች መጸዳጃ ቤት ገንብተናል፣ ከወላጅ ሳንቲም ሳንጠይቅ። ግቢው ከተነካ ግን ይህ ሁሉ የለም። ስለዚህ የኮሚቴው የመጀመሪያ ሥራ የይዞታ ማረጋገጫ ማውጣት ይሁን። ማመልከቻ፣ ልኬት፣ ክትትል ነው የሚጠይቀው። ሰው ካልተመላለሰ ፋይሉ ተቀምጦ ይቀራል።

አወያይ፦ ጋሼ ያነሡት ነገር ልቤን ነክቶታል። የራሴን አቋም ልናገር። ማዋጣቱን እደግፋለሁ፣ ግን ምዝገባና መዋጮ በአንድ መስኮት መገናኘት የለባቸውም። የሌለው በጉልበቱ ይሥራ። ጉልበትም የሌለው ይቅር፣ ልጁ ግን ይማር። ገንዘቡ በትምህርት ቤቱ የባንክ ሒሳብ ይግባ። የወላጅ መምህር ኅብረቱ ገቢና ወጪውን በየወሩ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። ግንባታ ከመጀመሩ በፊት ወረዳው መምህርና ሠራተኛ ለመመደብ ይፈርም። ካርታው ደግሞ ከሁሉ ይቅደም።

የሕግ ባለሙያ፦ በካርታውና በምዝገባው እስማማለሁ። ማመልከቻውን በነጻ እጽፋለሁ። በመዋጮው ግን አሁንም አልተስማማሁም። ከኮሚቴው ደብዳቤ ጋር የበጀት ጥያቄ አብሮ ካልገባ አልፈርምም።

የሦስት ልጆች እናት፦ አብሮ ይግባ። የጎረቤቴም ልጅ ጉዳይ ይጻፍበት። አሁንም ምዝገባ ደርሷል።