ጥቆማ፦ ለገጠር ወጣቶች የሥነ ልቦና ድጋፍ ቴሌግራም፣ የስልክ መስመር ወይስ ሚሞሪ ካርድ? (ደምበጫ አካባቢ)

የደምበጫ ክበብ
እንዴት ከረማችሁ ወገኖች። ከደምበጫ ወጣ ብሎ ላለ የወጣቶች ክበብ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ከ15 እስከ 24 ዓመት የሆኑ 60 ያህል ልጆች አሉን፤ ትምህርት ያቋረጡ፣ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርደው የተመለሱ፣ ጥቂት የአብነት ተማሪዎችም አሉበት። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባለቁልፍ ስልክ ነው የያዙት፤ የአንዳንዱም የቤተሰብ ነው። ጭንቀትና ድብርት ሲጠናባቸው የሚያዋዩት ሰው የለም። ያሰብነው የቴሌግራም ግሩፕ፣ የሚደወልበት መስመር ወይም በድምፅ የተቀዳ ትምህርት በሚሞሪ ነው። የትኛው ያዋጣል? ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ደህና ሚሞሪ የሚሸጥ ሱቅ የምታውቁም ጠቁሙኝ።

አባይ ማዶ
ቴሌግራሙን ተዉት። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ ነበር። ድጋፉን ዳታ ላይ ካንጠለጠላችሁት፣ ነገር በከፋ ሰዓት ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው።

ቢቸና
ዳታ ኖሮም ግሩፕ አይሆንም። አንድ ድርጅት (ስሙ ይቅር) ለሴት ተማሪዎች ግሩፕ ከፍቶ ነበር። ልጆቹን በስልክ ቁጥራቸው እየፈለገ ጨመራቸው፤ ሁሉም የሁሉንም ስም ያያል። አንዷ የቤቷን ጉድ ማታ ጻፈች፤ በነጋታው ስክሪንሾቱ ትምህርት ቤት ደረሰ። ግሩፑ ተዘጋ፣ ወሬው ግን አልተዘጋም። አሁን ወላጆች «ምክር» የሚል ነገር ከሰሙ የልጃቸውን ስልክ ይቀማሉ።

ሞጣ በር
አስተዳዳሪዎቹ ሥራ ስለማያውቁ ቴሌግራም ይወቀሳል እንዴ? ከቴሌግራም የተሻለ ምን አለ?

ቢቸና
ልጅቷን ጠይቅልኝ።

ጮቄ ሥር
ከመጣላት አሠራሩን እንነጋገር። ግሩፕ ሳይሆን ቻናል ይከፈት፤ በቻናል ተከታዮች እርስ በርስ አይተያዩም። ጥያቄ ያለው ለአማካሪው በግል ይጻፍ። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ ልጅ ሴቲንግ ገብቶ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ፎን ነምበር፣ ኖባዲ ያድርግ፤ ቁጥሩ ለማንም እንዳይታይ። ስልኩ የጋራ ከሆነ ፓስኮድ ይቆለፍበት፤ መልእክት ሲመጣ ጽሑፉ ስክሪን ላይ እንዳይታይም ይጥፋ። ቻናሉ ላይ ሪስትሪክት ሴቪንግ ኮንተንት የሚል አለ፤ ፎርዋርድ ማድረግን ይከለክላል፣ በሌላ ስልክ ፎቶ ማንሳትን ግን አይከለክልም። ደግሞም ተራው ቻት ከጫፍ እስከ ጫፍ (ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው) የተመሰጠረ አይደለም፤ የተመሰጠረው ሲክሬት ቻት የሚባለው ብቻ ነው።

ጎዛምን
እሰይ! እንግዲህ የቆሎ ተማሪው አኩፋዳው ውስጥ ቻርጀርና ፓወር ባንክ ይጨምርበት። ሰውየው ባለቁልፍ ስልክ ብሎ ጠየቀ፣ እናንተ ሲክሬት ቻት ታስተምራላችሁ።

የማርቆስ ልጅ
ሚሞሪ ከሆነ ወደየትም አትሂዱ፤ ማርቆስ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ በስተቀኝ ያለው ሱቅ። ልጁ ታማኝ ነው፣ ዋጋም አይጨምርም።

ጮቄ ሥር
ታማኝነቱ ጥሩ፤ ግን ለእሱም የሚመጣለት ካርድ ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ላዩ ላይ 32 ጊጋ ተብሎ ውስጡ 4 ጊጋ የሆነ ሞልቷል። ሲገለብጡበት ምንም አይልም፤ አልፎ የተጻፈው ሲከፈት ነው የሚበላሸው። ኮምፒውተር ላይ ኤችቱቴስትደብልዩ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ካርዱን ሞልቶ መልሶ ያነብበታል። ከገዛችሁት ውስጥ ሁለት ሦስቱን ፈትሹ።

የማርቆስ ልጅ
የእሱ ካርድ አይፈተሽም። አጎቴም ከዚያው ነው የሚገዛው።

ጎዛምን
አጎትህ ካሉበት ምርመራ ምን ያደርጋል!

ዳሞት
የደምበጫው፣ ለድምፁ 4 ጊጋም ይበዛል። ንግግር ስለሆነ በሞኖ፣ በ32 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ብትቀዱት አንድ ደቂቃ 240 ኪሎባይት ነው፤ ባለ10 ደቂቃው 2.4 ሜጋ። 20 ክፍል ቢኖራችሁ 50 ሜጋ አይሞላም። ካርዱን በፋት32 ፎርማት አድርጉ። የፋይሉን ስም በፊደል አትጻፉ፤ ብዙው ባለቁልፍ ስልክ የግዕዝ ፊደል ሳጥን ሳጥን አድርጎ ያሳያል። 01፣ 02 በሉት። ይህ ሌላም ጥቅም አለው፤ ስልኩን አባት ቢከፍተው «ድብርት» የሚል አያገኝም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ስለ እንቅልፍና ስለ ድካም አድርጓቸው። እነሱን ቤተሰብ አብሮ ቢሰማም አያሳፍሩም።

ኤስኤምኤስ የሚያስብ ካለ ደግሞ፣ በግዕዝ ፊደል አንድ መልእክት 70 ሆሄ ነው የሚይዘው፤ በላቲን 160። የግዕዙ ከ70 ካለፈ በየ67ቱ ይቆራረጥና እንደ ብዙ መልእክት ይከፈልበታል።

እነማይ
ጠበል ያስወስዷቸው። ሁሉም ነገር በስልክ አይደለም።

ዳሞት
ማን ከለከለ እናቴ፣ ይውሰዱ። መድኃኒት የጀመረ ልጅ ካለ ግን ጠበል ገባሁ ብሎ እንዳያቋርጥ። በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም ሕመሙ ብሶ ይመለሳል።

አባይ ማዶ
ታብሌት ለምን አታስቡም? ሶላር ያለው።

ጎዛምን
ድሮንም ይጨመርበት።

የደምበጫ ክበብ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ታብሌት አቅማችን አይደለም። በጤና ጣቢያው አንድ ነርስና አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ፈቃደኞች ናቸው። መስመሩ ቢሆን እንዴት ይደራጅ? የሚደውሉት ሰዎችስ ምን ያድርጉ? አንድ ሰውም ቦት (በራሱ የሚጠይቅና የሚመልስ ፕሮግራም) ሠርቼ የድብርት መጠይቅ በስልክ ላስሞላላችሁ ብሎናል።

ፍኖተ ሰላም
በዚህ ሥራ ላይ ያለሁ ነኝ፤ ልዘርዝርላችሁ።

መስመሩ ሁለት ሲም የሚይዝ ርካሽ ስልክ ይበቃዋል፤ አንዱ የኢትዮ ቴሌኮም፣ አንዱ የሳፋሪኮም ቢሆን አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይሠራል። ልጆቹ ብር ስለሌላቸው ሚስኮል አድርገው ይዝጉ፤ መልሳችሁ የምትደውሉት እናንተ ናችሁ። ሚስኮሉ ሲመጣ ወዲያው አይደወል፤ ስልኩ እናት እጅ ሊሆን ይችላል። «ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት እንደውላለን» ብላችሁ ሰዓቱን ቀድማችሁ ቁረጡ። ሌላ ሰው ካነሳ «ከክበቡ ነው፣ ስለ ኳስ ውድድር» የመሰለ ከልጁ ጋር የተስማማችሁበት ቃል ይኑር። ሲሙ በግለሰብ ስም አይውጣ። ነርሷ ስትዛወር ቁጥሩም አብሯት ይሄዳል፤ 60ው ልጅ ደግሞ አዲስ ቁጥር አይሸመድድም። መዝገቡ ላይ ስም አትጻፉ፣ መለያ ቁጥር ስጡ፤ ስምና ቁጥሩን የሚያገናኘው ዝርዝር ለብቻው ይቆለፍ። በስልክ መመዝገብ ከፈለጋችሁ ኮቦ የሚባለው የመመዝገቢያ መተግበሪያ ያለ ኔት ይሠራል፣ ኔት ሲመጣ ይልካል።

ቦቱ ላይ ተጠንቀቁ። ሰውየው የሚያስሞላው ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት መለኪያ ከሆነ፣ 9 ጥያቄ ነው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ድምሩ 27። ቦት ይደምርና እንደ 4 ያለ ዝቅተኛ ነጥብ ሲያገኝ «ደህና ነህ» ይላል። 9ኛው ጥያቄ ግን ራስን ስለ መጉዳት ነው። እዚያ ላይ ከ0 በላይ የመለሰ ልጅ ድምሩ ስንትም ይሁን ያንኑ ቀን ሰው ሊያናግረው ይገባል። በቀጥታ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም። ብቻውን እንዳይሆን አድርጉ፤ ቤት ውስጥ ጸረ ተባይ ኬሚካል ካለ ቤተሰብ ይቆልፈው ወይም ከቤት ያውጣው። ይህን የሚያደርግ ሰው ለዚያ ምሽት ካልተመደበ መጠይቁን አታስሞሉ። ከ18 በታች ላሉት ለታዳጊ የተዘጋጀ ቅጽ አለ።

የሚደውሉት ሰዎች ምን ያድርጉ ላላችሁት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ፒኤም ፕላስ የሚባል ለአዋቂዎች የተዘጋጀ የምክር ፕሮግራም አለው፤ አምስት ሳምንታዊ ቆይታ ነው፣ ባለሙያ ያልሆነ ሰውም ሠልጥኖ ይሰጠዋል፣ በባለሙያ ክትትል ግን። በሊባኖስ የሞከሩት በስልክ መተግበሪያ ራስን የማገዣ ፕሮግራምም ቢሆን በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ያህል የሚደግፍ ሰው ነበረው። ድምፁን ሚሞሪ ላይ ጫኑ፣ ልጁ ይስማ፤ ሰው ደግሞ በሳምንት አንዴ ይደውልለት። አንዱ ያለ ሌላው ብዙ አይሄድም።

ከመጀመራችሁ በፊት ፍኖተ ሰላም ወይም ማርቆስ ሆስፒታል ሄዳችሁ የአእምሮ ሕክምናው በየትኛው ቀን እንደሚሠራ፣ የሪፈር ወረቀት ማን እንደሚጽፍ ጠይቁ።

ሞጣ በር
ይህን ሁሉ በቴሌግራም ማድረግ ይቻል ነበር።

ቢቸና
🤦

የደምበጫ ክበብ
ፍኖተ ሰላም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። የአብነት ተማሪዎቹ ስልክ የላቸውም፤ ለእነሱስ?

ፍኖተ ሰላም
ለእነሱ ሚሞሪ የሚቀበል አንድ ትንሽ ስፒከር፣ የሚያጫውተውም አብሯቸው የሚኖር ልጅ ይሁን። መጀመሪያ የኔታን አስፈቅዱ፤ ይዘቱን ራሳቸው ይስሙት። ያላወቁት ነገር ጉባኤ ቤቱ አይገባም።

የማርቆስ ልጅ
ስፒከርም አለው ያ ሱቅ።

እነማይ
እሁድ ይከፍታል?