ራስበሪ ፓይ ሁልጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እየጠፋ ይነሳል፤ የድሬ ሙቀት ነው ወይስ ሌላ?

የሳቢያን ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። መላው የጠፋኝ ነገር አለ።

አጎቴ እዚህ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ሱቅ አለው። ለስላሳ፣ ውሃ፣ ዘይት፣ ሁለት ዲፕ ፍሪጅ። ጥቅምት ላይ አራት ካሜራ ሰቀልኩለት። ቀረጻውን የሚይዘው ራስበሪ ፓይ 4 የሚባለው ትንሽዬ ኮምፒዩተር ነው፣ ባለ 4 ጊጋው። ቪዲዮው የሚጠራቀመው 1 ቴራ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ዲስኩ ኃይል የሚያገኘው ከፓዩ ዩኤስቢ ነው። ሳጥኑን የአጎቴ ልጆች እንዳይነካኩት ብዬ ከኮርኒሱ ስር ግድግዳው ላይ መታሁት።

ስድስት ወር ኮሽ ሳይል ሠራ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ግን በየቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ድርግም ብሎ ይጠፋና ራሱ ይነሳል። አንዳንድ ቀን ሦስት አራት ጊዜ። መብራት አልሄደም፣ ፍሪጆቹ እየሠሩ ናቸው። ትናንት ከቀረጻው ሃያ ደቂቃ ጎደለ። አጎቴ «ሌባው ይቺን ሰዓት ካወቀ አለቀልን» አለኝ።

ግንቦት ነው፣ ድሬ ነው፣ 8 ሰዓት ነው። ሌላ ምን ይሆናል? ሙቀት ነው ብዬ እዚሁ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ትንሽ ፋን ገዝቼ ገጠምኩለት። ባሰበት! ድሮ ሁለቴ የሚጠፋው አሁን አራቴ ይጠፋል።

ቻርጀሩ የስልክ ነው፣ 33 ዋት፣ ፈጣን የሚባለው። ሶኬቱ ታች ስለሆነ ገመዱን 2 ሜትር አደረግኩት።

ከዚራ፦

አቦ፣ ድሬ ውስጥ ሰው ራሱ 8 ሰዓት ላይ ጠፍቶ 10 ሰዓት ላይ አይደል የሚነሳው? ፓዩም ድሬኛ ሆኗል በቃ።

ወላሂ ቁምነገሩን ካልክ፣ ሳጥኑን ከኮርኒስ ስር አውርደው። እዚያ ላይ እኮ ዳቦ ይጋገራል።

ሸዋ በር፦

እኔ ሐረር ነኝ። ሙቀት የሚባል ሰበብ እኛ ጋ አይሠራም፣ ማታ ጋቢ ደርበን ነው የምንቀመጠው። ግን የእኔም ፓይ ልክ እንደ አንተ ይጠፋ ነበር። ቻርጀር ስቀይር ዳነ። ለምን እንደዳነ አልገባኝም፣ አልመረመርኩትምም። ለማንኛውም 5 አምፔር የሚሰጥ ፈልግ።

ጋሽ ቴስተር፦

ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህና ከዚያ ወደ ሥራው እንገባለን። 8 ሰዓት ላይ ያ ዕቃ የሚሠራው የተለየ ሥራ አለ? አስብበት።

ሬዲዮ ስጠግን ሠላሳ ዓመት አልፎኛል፣ ይሄ ፓይ የሚባለውን የያዝኩት በቅርብ ነው። ኤሌክትሪኩ ግን ያው ነው። ፓይ 4 ሲሞቀው አይጠፋም፣ ይንቀራፈፋል። 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሱ ፍጥነቱን መቀነስ ይጀምራል፣ 85 ላይ ደግሞ ጠበቅ ያደርገዋል። ቪዲዮህ ይንተባተባል እንጂ ድርግም አይልም። ድርግም ብሎ የሚነሳ ዕቃ መጀመሪያ የሚጠረጠረው በጉልበት ማነስ ነው። ፋን ስትጨምርበት ባሰበት አልክ። እሱም እኮ ከዚያችው ገመድ ነው የሚጠጣው! ለደከመ በሬ ጭነት ጨመርክበት።

33 ዋት የሚለው ጽሑፍ አያታልልህ። ፈጣን ቻርጀር ያን ሁሉ የሚሰጠው ከስልኩ ጋር ተነጋግሮ ቮልቴጁን ከፍ ሲያደርግ ነው። ፓዩ 5 ቮልት ብቻ ነው የሚፈልገው። ቻርጀሩ ላይ በደቃቅ የተጻፈውን አንብብ፤ 5 ቮልት ከሚለው አጠገብ ያለው አምፔር ነው ያንተ ድርሻ። 2 የሚል ብዙ አይቻለሁ። ለፓይ 4 የሚመከረው 5.1 ቮልት፣ 3 አምፔር ነው። 5 አምፔር ያለው የሐረሩ ወንድማችን አይቀየመኝ፣ ትርፍ ቢኖረው አይጎዳም፤ ዕቃው የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው። ግን ገመዱ ያው ከሆነ ምንም አልፈየደም።

እኔ የምጠረጥረው ገመዱን ነው። ልባሱ ላይ የተጻፈ ቁጥር አለ፣ ፈልገው። 28/24 የሚል ከሆነ ኃይሉን የሚያመላልሱት ሽቦዎች ውፍረት 24 ጌጅ ነው ማለት ነው፤ ቀጭን ነው። 24 ጌጅ መዳብ በሜትር 0.084 ኦም ገደማ አለው። 2 ሜትር ሄዶ 2 ሜትር ሲመለስ 0.34 ኦም። 1.8 አምፔር ሲያልፍበት 0.6 ቮልት መንገድ ላይ ቀረ። ፓዩ ደግሞ ከ4.63 ቮልት በታች ሲወርድ ማልቀስ ይጀምራል። ስክሪን ብትሰካለት ጥግ ላይ ቢጫ መብረቅ ያሳይሃል። ካሜራ የሚቀዳ ዕቃ ግን ማን ስክሪን ይሰካለታል?

በቴስተር ለካ። ከፒኖቹ 2 ቁጥር ላይ ቀዩን፣ 6 ቁጥር ላይ ጥቁሩን። እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ! ቀዩ ከ2 ወደ 1 ተንሸራቶ ሁለቱን ካገናኛቸው 5 ቮልቱ 3.3ቱ ውስጥ ገባ፣ ቦርዱን አፈር አለበስከው ማለት ነው። ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ አንዴ፣ ሲጨናነቅ አንዴ ለካ። ባዶ እጁን ሲሆን የተለካ ቮልቴጅ ምንም አይነግርህም።

ሌላው ፓዩ ቮልቴጅ አንሶት ወይም ሞቆት እንደሆነ የሚናገረው ቪሲጄንሲኤምዲ ጌት ትሮትልድ (vcgencmd get_throttled) የሚለው ትእዛዝ ነው። ከሚሰጥህ ቁጥር የመጨረሻዋን አሃዝ እይ። 1 ቮልቴጅ አንሷል፣ 2 ፍጥነት ተገድቧል፣ 4 ፕሮሰሰሩ ታንቋል፣ 8 የሙቀት ገደብ ደርሷል። ተደማምረው ነው የሚመጡት፤ 5 ካየህ 1 እና 4 ነው። ከእሷ በስተግራ ሦስት ዜሮ አልፎ የሚቀመጠው አሃዝ ደግሞ ከተነሳ ጀምሮ የደረሰበትን ይናገራል። ዕቃው ጠፍቶ ሲነሳ ግን ይሰረዛል። ስለዚህ ሳይጠፋ በየደቂቃው ፋይል ላይ አስጽፈው፣ የሙቀት መጠኑንም አብረህ።

የሳቢያን ልጅ፦

ጋሼ፣ አፈርኩ።

8 ሰዓት ላይ ምን ይሠራል ያሉኝን ሳስብ አደርኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት ዲስኩ እየሞላ ስለተቸገርኩ የቀኑን ቪዲዮ የሚጨምቅ ትእዛዝ ጽፌ ነበር። ሱቁ ሲተኛ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ እንዲሠራ ነበር ሐሳቤ። ኮምፒዩተሩ ላይ ግን 2 ማለት ሲገባኝ 14 ብዬ ጻፍኩ። በእኛ ሰዓት ሁለቱም 8 አይደል! በየቀኑ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አራቱም የፕሮሰሰሩ ኮር ይጋጋላል፣ ዲስኩ ይሽከረከራል፣ ካሜራዎቹም መቅዳታቸውን አያቆሙም። ሙቀቱ ያላጠፋው ጥፋት ተሸክሞ ኖሯል።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ሱቁ ተዘግቶ ሳለ መሰላል ላይ ወጥቼ ለካሁ። ስንት ጊዜ ላቤን እንደጠረግኩ አልነግራችሁም። ገመዱ እርስዎ እንዳሉት 28/24 ነው። ሥራ ሳይበዛበት 4.79። 8 ሰዓት ሲሞላ ዲስኩ ኡኡ አለ፣ ቴስተሩ 4.6፣ 4.5፣ 4.41 አለና ዓይኔ እያየ ጠፋ። የመጨረሻው የተጻፈ ቁጥር ዜሮ ኤክስ 50005። ሙቀቱም ንጹሕ አይደለም፣ 83 ዲግሪ ነበር።

ታዲያ ሌላ 2 ሜትር ወፍራም ገመድ ልግዛ?

ጋሽ ቴስተር፦

የምን 2 ሜትር! ማርዘም ካለብህ 220ውን አርዝም፣ 5ቱን አታርዝም። ኤክስቴንሽን እስከ ሳጥኑ አድርሰህ የራሱን ፓወር ሰፕላይ እዚያው ሰካ፤ ገመዱ ከራሱ ጋር የተያያዘ፣ ወፍራም ነው። 5.1 የሆነውም ለዚሁ ነው፣ መንገድ ላይ የምትቀረዋ ከወዲሁ ታስባ ነው። ሰዓቱን ማስተካከልህ ደግ ነው፤ ግን እሱን አስተካክለህ ገመዱን ከተውከው ጥፋቱን ከቀን ወደ ሌሊት አዛወርከው እንጂ አላዳንከውም።

የሳቢያን ልጅ፦

አራተኛ ቀኑ ነው፣ አንዴም አልጠፋም። ለፈተና ሆን ብዬ በቀን አሠራሁት፤ በሙሉ ጭነት 4.98 ላይ ይዞ ቆመ። ሳጥኑን አውርጄ ከባንኮኒው ስር አደረግኩት፣ ክዳኑንም በሳሁት። ጭመቃው አሁን በእውነተኛው ሌሊት 8 ነው፣ ከ62 ዲግሪ አላለፈም። ፓዩ የሚነሳበትን ሚሞሪ ካርድ ግን ያ ሁሉ መጥፋት አበላሽቶት ኖሮ አንዳንድ ፋይል አላነብም አለኝ። አዲስ ገዛሁ። አጎቴ የልጆቹን ነገር ይኸው እየደጋገመ ያነሳብኛል፤ ትንሿ ልጅ ዛሬ በቀዳዳው ሙጫ ልትጨምርበት ስትል ካሜራው ቀዳት።

ከዚራ፦

ሃዬ! እኔ ፓይ 5 ላይ ይሄንኑ 3 አምፔሩን ብጠቀምስ?

ጋሽ ቴስተር፦

ይነሳል። ግን ፓይ 5 የሚፈልገው 5 አምፔር ነው። 3 ካገኘ ለዩኤስቢ ዕቃዎች ሁሉ ባንድ ላይ 600 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው የሚለቀው። ኪቦርድና ማውዝ ይበቃዋል፣ እንዲህ ያለ ሃርድ ዲስክ ግን አትስቀልበት።