ኮሮላዬ ዘይት መብላት ጀመረች፤ ካርቦን ላስጠርግ ወይስ ሞተር ላስወርድ?

የአራዳ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 2003 ሞዴል ኮሮላ አለችኝ፣ 1.8፣ ሞተሯ ዋን ዜድ ዜድ የሚባለው ነው። ቤቴ ፒያሳ፣ ስራዬ ሜክሲኮ። መንገዱ አጭር ነው፣ ግን ጠዋትና ማታ ይዘጋጋል፣ ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ እደርሳለሁ። ሰሞኑን ጠዋት ሳስነሳት ሰማያዊ ጭስ ትተፋለች። ሚኒሞ ላይ (ቆማ ነዳጅ ሳልረግጥ) ትንቀጠቀጣለች። በቸርችል ሽቅብ ሰው ጭኜ ስወጣ ደግሞ ነዳጁን እስከ ወለሉ ብረግጠውም ትለግማለች። ዘይትም ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም።

ሁለት ጋራዥ ወሰድኳት። አንደኛው «ካርቦን ይዟታል፣ መድኃኒት ጨምረን እናጥባት» አለኝ። ሁለተኛው ኮምፕረሽን (ሲሊንደሮቹ አየሩን የሚጨምቁበትን ግፊት) ለካና «መጽሐፉ ትንሹ 145 ፒኤስአይ ነው ይላል፣ ያንተ አንዱም አልደረሰም፣ ሞተሩ ወርዶ ይፈታ» አለኝ። የለካው ከአንደኛው እስከ አራተኛው 138፣ 140፣ 116፣ 141 ነው። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለችኝን መኪና በደንብ መያዝ ነው የምፈልገው፣ ግን ሁለቱ የተናገሩት ሰማይና ምድር ነው። እባካችሁ የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ፣ የቱን ልመን?

ሰብለ ቪትዝ፦
የሚኒሞው መንቀጥቀጥ እኔም ጋ ነበር። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረው ትሮትል ቦዲ ውስጥ ጥቁር ቅባት ተጋግሮ ቢራቢሮው በደንብ አይዘጋም ነበር። በማጽጃ ስፕሬይና በጨርቅ ተጠርጎ ልክ ገባ፣ ብዙም ወጪ የለውም። ግን አደራ፣ እሱን ስፕሬይ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ያለው የአየር መለኪያ ሴንሰር ላይ እንዳይነፉብህ። ለሴንሰሩ የራሱ ማጽጃ አለው። ስለ ዘይቱ ግን አላውቅም፣ እሱ ሌላ ችግር ይመስለኛል።

ጋራዥ ነው የምውለው፦
ወንድሜ፣ ሞተሩ አልሞተም። ቆይ ላስረዳህ።

የመጽሐፉ 145 ለባሕር ወለል አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ደግሞ ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው ይህንኑ የሳሳ አየር ስለሆነ ጌጁ ላይ የሚታየውም በዚያው ልክ ይወርዳል። 145ን በዚህ ሂሳብ ስታወርደው ወደ 110 ይመጣል። ስለዚህ 138 እና 141 እዚህ ከተማ ውስጥ ጥሩ ሞተር ነው። በዚህ ቁጥር ሞተር ማስወረድ በጣም ያናድደኛል፣ ብዙ ሰው ደህና ሞተሩን ያስፈታው በዚህ ነው።

መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ለዚህ ሞተር የሚፈቀደው እስከ 15 ነው። ያንተ ሦስተኛው ከሌሎቹ በ25 ያህል ወርዷል። ችግሩ እዚያ ነው።

አሁን መካኒኩን እንዲህ በለው። ሞተሩ ይሙቅ፣ አራቱም ካንዴላ (ነዳጁን በእሳት የሚያቀጣጥለው) ይውጣ፣ ነዳጁና እሳቱ ይቋረጥ፣ አንድ ሰው ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦ ይያዝ፣ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ነዳጁ ሳይረገጥ ከተለካ አራቱም ዝቅ ብለው ነው የሚወጡት። ከዚያ ሦስተኛው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይጨመርና እንደገና ይለካ። በደንብ ከጨመረ ችግሩ ፋሻው፣ ማለትም የፒስቶኑ ቀለበት ነው፣ ዘይቱ ክፍተቱን ስለደፈነው። ካልጨመረ ወይ ቫልቭ ነው ወይ የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ)። ካንዴላዎቹንም በቅደም ተከተል ደርድረህ ፎቶ አንሳቸው። ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ነዳጅ በዝቶበታል። እርጥብና የሚያብለጨልጭ ጥቁር ከሆነ ዘይት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቅልኝ፣ ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው) አላት?

ካዛንቺስ፦
ይሄን ሁሉ ከመልፋት ነዳጅ ታንክ ውስጥ ማጽጃ ጨምረህ በፈጣን መንገዱ አዳማ ድረስ ሦስት ሺህ ዙር ላይ እየነዳህ ሂድ። እኔ ሳደርገው መኪናዬ እንደ አዲስ ነው የሆነችው፣ አዳማ ስደርስ ጉልበቷ ሌላ ነበር።

ጋራዥ ነው የምውለው፦
ረጅም መንገድ ጥሩ ነው፣ አልቃወምህም። ሞተሩ በደንብ ይሞቃል፣ ስስ ካርቦን ይቃጠላል። ግን አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። እዚያ ጉልበት የጨመረችው አየሩ ስለበዛላት ጭምር ነው። ተመልሰህ እዚሁ ዳገት ላይ ነው መፍረድ ያለብህ።

የታንክ ማጽጃውም በእሱ ሞተር ላይ ኢንጀክተሩንና የቫልቩን ጀርባ ይደርሳል፣ ምክንያቱም ነዳጁ የሚረጨው ቫልቩ ላይ ነው። የዘይት ፋሻው ጋ ግን አይደርስም። ነዳጅ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ የሚረጩት አዳዲሶቹ ሞተሮች ላይ ደግሞ ቫልቩንም አያገኘውም፣ ቫልቩ ነዳጅ የሚባል አያየውም።

የአራዳ ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም። እንዳልከኝ አስለካሁ። ሦስተኛው ዘይት ሲጨመርበት ከ116 ወደ 136 ወጣ። ካንዴላው ዳር ዳሩን ጥቁርና እርጥብ ነው፣ በጣት ሲነካ ዘይት ይይዛል፣ ሌሎቹ ሦስቱ ቡናማና ደረቅ ናቸው። ቴርሞስታት የላትም! ከእኔ በፊት የነበረው ሰው «እንዳትሞቅ» ብሎ አስወጥቶት ኖሯል። ለካ ለዚህ ነው የሙቀት መርፌው መሃል ደርሶ የማያውቀው።

ጡረተኛው ሾፌር፦
ልጄ፣ ቴርሞስታት ማውጣት እዚህ ከተማ የቆየ በሽታ ነው። ሞተሩ አልሞቀም ብሎ ኮምፒዩተሩ ነዳጅ ይጨምራል፣ የተረፈው ነዳጅ ጥላሸት ይሆናል፣ ዘይቱም ይቀጥናል። መኪና የሚሞቅ ከሆነ ራዲያተሩንና ፋኑን ማየት ነው እንጂ ቴርሞስታት መጣል መላ አይደለም። ሌላው፣ ዘይቱን በግምት «ትበላለች» አትበል። ሙሉ መስመሩ ላይ አድርሰህ ኪሎ ሜትሩን ጻፍ፣ 1,000 ስትሞላ ጠዋት ሳታስነሳት ሜዳ ላይ አቁመህ ለካ። አንድ ሊትር ካለፈ በቶዮታ መመሪያም ከልክ በላይ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ እየጨመሩ መንዳት ይቻላል። ብቻ ሳይጨምሩ መንዳት ነው ሞተር የሚገድለው።

የአራዳ ልጅ፦
እሺ ጋሼ፣ ዛሬውኑ እጽፈዋለሁ። እና አሁን ፋሻ ከሆነ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም ማለት ነው?

ጋራዥ ነው የምውለው፦
ገና ነው። የዚህ ሞተር የመጀመሪያ ዓመታት ፒስቶን ላይ ከዘይት ፋሻው ጀርባ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ናቸው። በካርቦን ይደፈናሉ፣ ፋሻው ይጣበቃል፣ ዘይቱ ወደ ላይ ያልፋል። ተጣብቆ ከሆነ ሊላቀቅ ይችላል፣ ተበልቶ ከሆነ ግን መድኃኒት አያድነውም። ስለዚህ መጀመሪያ መዘፍዘፍ ይሞከር።

አራቱም ፒስቶን መሃል ላይ እንዲቆሙ ሞተሩ በእጅ ይዞራል። በየካንዴላው ቀዳዳ የፒስቶን ካርቦን ማሟሚያ ይጨመርና ያድራል፣ በየመሃሉ ሞተሩን በእጅ በመፍቻ ትንሽ ትንሽ እያዞሩ። ጠዋት የተረፈውን በሲሪንጅና በቀጭን ቱቦ ምጠጡት። ካንዴላ ሳይገባ፣ እሳትና ኢንጀክተር ተነቅሎ፣ ቀዳዳዎቹ ላይ ጨርቅ ተደርጎ በሞተሪኖ (በማስነሻው) ይዙር። ይህን ዘሎ ካንዴላ ገጥሞ ማስነሳት አደጋ ነው፣ ፈሳሽ አይጨመቅም፣ የፒስቶን ክንድ ያጣምማል። ከዚያ ሳይነሳ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየር፣ ማሟሚያው ወደ ታች ወርዶ ዘይቱን ስላበላሸው። አየር ያለበት ቦታ አስነሱት፣ ለተወሰነ ጊዜ በጣም ይጨሳል፣ አትደንግጥ። አጠገቡ ሲጋራ የሚባል ነገር እንዳይኖር።

ፒሲቪ ቫልቩንም (ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን ጋዝ ወደ አየር መግቢያው የሚመልሰውን) ቀይሩት፣ ርካሽ ነው፣ ሲደፈን ዘይት ይስባል። ሞተሩን ከውስጥ የሚያጥብ ፍላሽ ዘይት ውስጥ እንዲጨምሩ ግን አልመክርህም። ዝቃጩ በአንዴ ተነቅሎ የዘይት ፖምፓውን ወንፊት ከዘጋ ያኔ ነው ሞተሩ የሚወርደው። 1,000 ኪሎ ሜትር ነድተህ ዘይቱንም ኮምፕረሽኑንም እንደገና ለካ። ሦስተኛው ካልተነሳና ዘይቱ ከሊትር ካለፈ ያን ጊዜ ይፈታ። ከተፈታም ፋሻ ብቻ ለውጠው እንዳይመልሱልህ፣ ቶዮታ በኋላ ያሻሻለውን ፒስቶን ጠይቅ። ያለዚያ ቀዳዳው ያው ጠባብ ነው፣ ችግሩ ይመለሳል።

የአራዳ ልጅ፦
ቴርሞስታቱን መለዋወጫ ከሚሸጥበት ሱማሌ ተራ ልፈልግ ነው። አስመስሎ የተሰራውን ከደህናው በምን ልለየው?

ጡረተኛው ሾፌር፦
ቁጥሩን እይ፣ 82 የሚል ፈልግ። ቤት ወስደህ ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለህ ውሃ አሙቅበት፣ ቴርሞሜትር ካገኘህ ጨምርበት። 82 ዲግሪ አካባቢ ከንፈሩን መክፈት መጀመር አለበት፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጥብቅ ብሎ ይዘጋ። እስከ መጨረሻው እስኪከፈት ግን አትጠብቅ። አዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ደህናውም ሙሉ ላይከፈትልህ ይችላል።