ለቁልቋል ዝልግልግ ጥናት ከሦስቱ መጻሕፍት የትኛውን ልግዛ?

ጠያቂ (ደሴ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ መመረቂያዬ ከቁልቋል ቅጠል የሚወጣውን ዝልግልግ እያጠናሁ ነው። የሞለኪውል ክብደቱን ከቪስኮሲቲ (ከፈሳሹ የመወፈር ልክ) ማውጣት እፈልጋለሁ። ገንዘቤ ግን ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ነው የሚበቃው። «ፖሊመር ሃንድቡክ»፣ «ሃንድቡክ ኦፍ ሃይድሮኮሎይድስ» ወይስ «ስታርች፦ ኬሚስትሪ ኤንድ ቴክኖሎጂ»? እባካችሁ ምከሩኝ።

ከኮምቦልቻ፦ እህቴ፣ የስታርቹን ተይው። ጤፍ ላይ ብትሠሪ ኖሮ መጀመሪያ እሱን ነበር የምልሽ። የቁልቋል ዝልግልግ ግን ከአራቢኖስ፣ ከጋላክቶስ፣ ከራምኖስ፣ ከዛይሎስና ከጋላክቱሮኒክ አሲድ የተሠራ ነው። እኔ «ፖሊመር ሃንድቡክ»ን እመርጣለሁ። 4ኛው እትም በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ቪስኮሲቲን ከሞለኪውል ክብደት ጋር ለሚያያይዘው ለማርክ-ሃውዊንክ ቀመር የሚያስፈልጉት ቋሚ ቁጥሮች «ኬ» እና «ኤ» በሰንጠረዥ ተደርድረውልሻል።

ከወልድያ፦ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። «ኬ» እና «ኤ» የሚሠሩት ለዚያው ፖሊመር፣ በዚያው ማሟሚያ፣ በዚያው ሙቀት ነው። የሴሉሎስን ወይም የዴክስትራንን ቁጥር ተውሳ ብታሰላ የሚወጣው ክብደት አያስተማምንም። ፈታኞቹም መጀመሪያ የሚጠይቋት ይህንኑ ነው። «ሃይድሮኮሎይድስ» ይሻላታል። ፔክቲንን፣ ሙጫ አረቢክንና ሌሎችንም በየምዕራፉ ከምንጫቸው እስከ አጠቃቀማቸው ያስረዳል። ፔክቲን ላይ ያለው ብዙው ነገር ለእሷ ሥራም ይጠቅማል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ! ሌላም ያስቸገረኝ ነገር አለ። በተጣራ ውሃ ሳቀጥነው ናሙናው በውሃው ላይ የጨመረውን ቪስኮሲቲ ለናሙናው መጠን (ኮንሰንትሬሽን) አካፍዬ የማገኘው ቁጥር መውረድ ሲገባው ሽቅብ ይወጣል። ቪስኮሜትሩ ተበላሽቶ ይሆን?

ከወልድያ፦ አብሽሪ፣ መሣሪያሽ ደህና ነው። ጋላክቱሮኒክ አሲዱ ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው። ውሃው ሲበዛ ቻርጆቹ እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ሰንሰለቱም ይዘረጋል፤ ቁጥርሽን ሽቅብ የሚያወጣው ይህ ነው። ጨው ግፊያውን ስለሚያዳክም ናሙናውን 0.1 ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ ውስጥ አሟሚው። ማቅጠኛሽም ያው የጨው ውሃ ይሁን። በንጹህ ውሃ ካቀጠንሽው ጨዉም አብሮ ስለሚቀጥን ችግሩ ይመለሳል። ቪስኮሜትሩ የሚነከርበትን የውሃ ገንዳ ሙቀትም 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያዢው፤ ከፍ ዝቅ ካለ ንባብሽ ይዛባል።

ከኮምቦልቻ፦ የወልድያው ልክ ነው፣ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። «ሃይድሮኮሎይድስ»ን ግዢ። አዲሱ እትም ከተወደደብሽ የ2009ኙ ሁለተኛ እትም ለአንቺ ሥራ ይበቃል፤ ያገለገለ ፈልጊ። ሪፖርትሽ ላይ ኢንትሪንሲክ ቪስኮሲቲውን (ያ ቁጥርሽ የናሙናው መጠን ወደ ዜሮ ሲጠጋ የሚደርስበትን) ከማሟሚያውና ከሙቀቱ ጋር ጻፊ። የሞለኪውል ክብደት የግድ ካሉሽ በላይት ስካተሪንግ (በብርሃን መበተን) ይለካ። ያኔ የ«ፖሊመር ሃንድቡክ» ሰንጠረዥ ካስፈለገሽ ከቤተ መጻሕፍት ገጹን ኮፒ አድርጊ።