ልጄ «የማመሰግነው የለኝም» አለኝ

እኛ ቤት እሁድ ከሰዓት ቡና ይፈላል። ከእንቁጣጣሽ ጀምሮ አንድ ነገር ጨምረንበታል። ቶናው ሲቀዳ ሁላችንም በሳምንቱ ደስ ያለንን አንድ ትንሽ ነገር እንናገራለን። አማቴ «ውኃ ሌሊት መጥታ በርሜሉ ሞላልኝ፣ ተመስገን» ይላሉ። የ7 ዓመቷ ልጄ አንዴ «የወለቀው ጥርሴ መብቀል ጀመረ» ብላ አፏን ከፍታ ለሁላችንም አሳየች። ይህን ሰዓት በጣም ነው የምወደው።

የቸገረኝ የ14 ዓመቱ ልጄ ነው። መጀመሪያ ደህና ይናገር ነበር። ባለቤቴ ጥቅምት ላይ ከሥራ ከወጣ በኋላ «ምንም የለኝም» ማለት አመጣ። ወረቀት ላይ ጽፎ ጣሳ ውስጥ እንዲከት ሞከርን፤ ባዶ ወረቀት አጥፎ ከተተ። አባቱ ቀድሞ እንዲናገር አደረግን። ባሰበት። ባለፈው እሁድ ስኒውን ሳይጨርስ አስቀመጠና «አባዬ እቤት ተቀምጦ ምኑን ነው የምናመሰግነው?» ብሎ ወጣ። አባቱ አንገቱን ደፋ። በረካው ሳይጠጣ ረከቦቱ ተነሳ።

ልጁ ክፉ አይደለም። ማታ ማታ የአባቱን ጫማ ሲወለውል አየዋለሁ፤ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ እንዲያምርበት ነው። ልቆጣው አልፈልግም። ማቋረጡም ከበደኝ፤ ታናሿ ቀን እየቆጠረች ነው እሁድን የምትጠብቀው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ያሳደጋችሁ፣ ዝም ብሎ አብሮን እንዲቀመጥ ልተወው ወይስ የከፋውንም እዚያው ቡናው ላይ እንዲናገር ልፍቀድለት?